ውሻ አጀንዳ አይሆንም

ሰዎች ፖለቲካ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ሲጠይቁኝ ትልቅ ነገር እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ጦርነቱን፣ ወይም የተማሪነት ዘመን ትግልን፣ ወይም የሆነ የቆየ ሕልምን። እኔን ያስገባኝ ውሻ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። መጀመሪያ ሰሞን እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር።

ደሴ ውስጥ ሐኪም ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከቦሩ ሜዳ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ አንድ ገበሬ በሚኒባስ አምጥተው አስተኙልኝ። ትከሻው ሰፊ፣ ገና ጎልማሳ ሰው ነው። ሚስቱ እጁን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች። አይኑ ከግድግዳ ግድግዳ ይሮጣል፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል፤ ሆኖም ስጠይቀው በትክክል ይመልስልኛል፣ እንዲያውም ስላስቸገረኝ ይቅርታ ይጠይቀኛል።

"ከትናንትና ማታ ጀምሮ እህል ውሃ አላለም" አለችኝ ሚስቱ። ከፌስታሏ ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥታ "እስኪ ጉሮሮህን አርጥበው" ብላ አስጠጋችለት። ውሃው ከንፈሩ ጋ ሳይደርስ አንገቱ ተገተረ፣ ጉሮሮው ተናነቀው፣ ጠርሙሱን በክንዱ መትቶ ወለሉ ላይ ጣለው። ወዲያው ደግሞ አፈረ። "ምን እንደሆንኩ እንጃ" አለ።

እኔ ግን አውቄዋለሁ። በመጽሐፍ ያነበብኩት የእብድ ውሻ በሽታ ፊቴ ቆሞ ነበር።

"ውሻ ነክሶት ነበር?" አልኳት፣ ወደ ኮሪደሩ ወስጄ።

"ነክሶት ነበር እኮ! በበልጉ፣ ጥጆቹን ሊያስጥል ሲል። ቁስሉማ ድኗል።"

"ታዲያ መርፌውን ሳይወጋ ቀረ?"

"ኧረ ወስደነዋል ዶክተርዬ! በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ክትባቱ የለም፣ ደሴ ሂዱ አሉን። ደሴ መጣን፤ አልቋል፣ በሳምንቱ ተመለሱ አሉን። በሳምንቱ ተመለስን፤ ገና አልመጣም አሉን። ኋላ አንድ ሥር የሚያውቅ ሰው አጠጣልን። ቁስሉ ሲደርቅ ጊዜ አልሐምዱሊላህ ብለን ተውነው።" ፊቴን አየችው። "ምነው? ይድናል አይደል?"

ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የምንሰጠው ነገር የለንም። ማስታገሻ እንሰጣለን፣ ክፍሉን ጨለም እናደርጋለን፣ ሰው እንዳይረብሸው በሩን እንዘጋለን። ይህንኑ ነገርኳት። "አላህ ያለው ነው" አለች፣ ግን ድምጿ አላመነበትም። ወዲያው መለስ ብላ "ያኔ መርፌው ተገኝቶ ቢሆንስ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ልዋሽ አልቻልኩም። "በሕይወት ይኖር ነበር" አልኳት።

"እንግዲያውስ በአላህ አታሳብቡ" አለችኝ።

ባሏ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። እሷን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። እኔ ግን ክትባቱ ለምን እንዳልነበረ መጠየቅ ጀመርኩ። መጋዘኑ "ከላይ አልተላከም" አለኝ። ከላይ ያሉት "ከታች አልተጠየቀም" አሉኝ። የጠየቁት ሰዎች መጠየቃቸውን ይምላሉ፤ ያልላኩት ሰዎች እንዳልተጠየቁ ይምላሉ። በመካከሉ ጥፋተኛ ሳይኖር አንድ ሰው ሞቷል። በዚያው ሰሞን በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነስቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ሳልጨርስ ማይክራፎኑን ቢቀሙኝ እንዴት በተሻለ ነበር። ጨርሼ ስቀመጥ ጭብጨባ ሆነ፤ ከጭብጨባው በኋላ አንድ ትልቅ ሹም ጠጋ ብሎ "እንዳንቺ ያለ ሰው ነው ያጣነው፤ ውጭ ሆኖ ከመናገር ውስጥ ገብቶ መሥራት ይሻላል" አለኝ።

እናቴ አልተስማማችም። "ሐኪም ሆነሽ ሰው ሲወድሽ አይቻለሁ፤ ሹም ሆነሽ የሚሆነውን ደግሞ አላህ ያሳየኝ" አለችኝ። ያም ሆኖ እንቢ አላለችም። "በይ አብሽሪ፤ ጋዋንሽን ግን ለሰው እንዳትሰጪ" አለች።

ከደሴና ከኮምቦልቻ በአንደኛው ለምክር ቤት ተመረጥኩ፣ የጤናውም ሥራ ተሰጠኝ። በየትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሁለቱም ቤቶቼ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ልባቸውን ሰጥተው የሚሠሩ ሰዎች አውቃለሁ። ደግሞም የማወራው ነገር የአንድ ከተማ ብቻ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ስብሰባዬ ላይ የእብድ ውሻ በሽታን አነሳሁ። የጠበቅሁት ክርክር ነበር። ያገኘሁት ርክክብ ነው። የተነከሰው ሰው የጤና ነው ተባለ። የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው የግብርና ነው። ባለቤት ከሌለውና መንገድ ላይ ከተኛ ደግሞ የጽዳትና ውበት ነው። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ለጎረቤቱ በትሕትና አቀበለ።

"ውሻው ግን ከመንከሱ በፊት የማን እንደሆነ አይናገርም" አልኩ።

ሳቁ። ሰብሳቢው፣ የበላይ አለቃዬ ማለት ነው፣ አብሮ ሳቀና "ዶክተር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ውሻ አጀንዳ አይሆንም። ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ እናየዋለን" አለኝ።

ልዩ ልዩ ጉዳዮች የሚባለው የመጨረሻው ነጥብ ነው። እዚያ ሳይደረስ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። በብዙ ስብሰባ ሞከርኩት፤ ሁልጊዜ ምሳው ይቀድማል።

የሰዉን ክትባት በልመና፣ በስልክ፣ ደጅ በመጥናት ትንሽ ትንሽ እንዲመጣ አደረግሁ። በዚህ ተደስቼ ሳወራ የሰማኝ አንድ የእንስሳት ሐኪም ነው ቀዝቃዛ ውሃ የቸለሰብኝ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከተናገረ ደግሞ የማያባራ ሰው ነው። ዶክተር ይለኛል፣ እኔም ዶክተር እለዋለሁ፤ ሰው ሁለታችንን ሲሰማ ግራ ይገባዋል።

"ዶክተር፣ አንቺ የሚያፈስ ጣሪያ ስር ባልዲ እየቀያየርሽ ነው" አለኝ። "ውሻው ካልተከተበ ሰው ይነከሳል፤ ሰው ከተነከሰ አንድ ቀን ክትባቱ ባለቀበት ሳምንት ይመጣብሻል። አብዛኛውን ውሻ ከከተብን በሽታው የሚሄድበት ያጣል።"

"ውሻ ሁሉ መንገድ ላይ ያድራል፤ ማን ይይዝልናል?"

"አብዛኛው ባለቤት አለው። ቀን ይዞራል፣ ማታ ይገባል። ባለቤቱን ጥሪው፣ ይዞት ይመጣል።"

ጠራን። የአካባቢው መስጊድ ሼህ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተናገሩልን፤ ውሻ ቤት ውስጥ ባይገባም ከብትና ግቢ የሚጠብቅን ውሻ መያዝ እንደሚቻል፣ የያዘውም ሰው ጎረቤቱን እንዳይጎዳ የማድረግ አማና፣ አደራ ማለት ነው፣ እንዳለበት አስረዱ። የደብሩ ቄስ ከቅዳሴ በኋላ አጠር አድርገው "ውሾቻችሁን አስከትቡ፤ የባልንጀራችሁ ልጅ ልጃችሁ ነው" አሉ። በቀጠሮው ጠዋት ማንም አይመጣም ብዬ ፈርቼ ነበር። ሜዳው ሞላ። በገመድ የሚጎተት አለ፣ በሽቦ የታሰረ አለ፣ እንደ ሕፃን የታቀፉት አለ። አንዲት ሴትዮ በመቀነቷ አስራ አምጥታ፣ ውሻው ሲጎትታት መቀነቷንም ነጠላዋንም በአንድ እጅ ለመያዝ ትታገላለች። ውሾቹ ይናከሳሉ፣ ባለቤቶቹ ይሰዳደባሉ፣ የእንስሳት ሐኪሙ በመሃል ጎንበስ ብሎ እየወጋ "ቀጣይ!" ይላል። የተከተበው እንዲለይ አንገቱ ላይ ቀይ ሲባጎ እናስራለን። ሲባጎውን የማስረው እኔ ነበርኩ።

በወረፋው ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ትልቅ ቡላ ውሻቸውን አገጩን ይዘው "ጨክነሽ አታጥብቂው፤ ሲተኛ ያንቀዋል" አሉኝ። ላላ አድርጌ አሰርኩት። "አየሽ፣ ሰው ሲነካው እንኳ አይቆጣም። ከማንም እጅ ይበላል" አሉ፣ በኩራት።

ለተወሰኑ ወራት በየሰፈሩ እንደዚያ ሠራን። መንገድ ላይ ቀይ ሲባጎ ያሰረ ውሻ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። በሕክምናዬ ዘመን ያዳንኩትን ሰው መንገድ ላይ ሳገኝ እንኳ እንደዚያ የተደሰትኩ አይመስለኝም።

ከዚያ ከተማው እንግዶች ሊቀበል ነው ተባለ። የመንገዱ ጠርዝ ኖራ ተቀባ፣ ሱቆች ቀለም እንዲቀቡ ታዘዙ። እኔ የተመደብኩት በድንገተኛ ሕክምና ዝግጅት ላይ ነበር፤ አምቡላንስና ኦክስጅን ሳሰባስብ ሰነበትኩ።

አንድ ጠዋት በባጃጅ ወደ ሥራ ስሄድ የመንገዱ ዳር ላይ አንድ ውሻ ተጋድሟል። መኪና የገጨው መስሎኝ አለፍኩት። ትንሽ ሄድ ብሎ ሌላ አየሁ። እግሮቹ እንደ እንጨት ደርቀው ተዘርግተዋል፣ አፉ ላይ አረፋ አለ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሲባጎ። የባጃጁን ሾፌር አስቆምኩት። ከቦዩ ማዶ ደግሞ ሁለት ጎን ለጎን፣ ሁለቱም ሲባጎ ያሰሩ።

ስልኬ ጮኸ። የእንስሳት ሐኪሙ ነው። "ዶክተር፣ መርዝ የተለወሰ ሥጋ ጥለዋል። ከተማውን ለማጽዳት ነው አሉ።"

"የተከተቡትንም?"

"የተከተቡትን ነዋ!" ብሎ ጮኸ፤ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። "ሰው የለመዱት ናቸው መጥተው የበሉት። ገደል ለገደል የሚኖሩት፣ ሰው የሚሸሹት፣ ያልከተብናቸው፣ እነሱ መቼ ይጠጋሉ? የከተብናቸውን ገደሉ፤ ያልተከተቡትን ተዉልን።"

ቢሮዬ ስደርስ አዛውንቱ ሾፌር ቀድመውኛል። አንድ ጆንያ ከቢሮዬ በር ፊት አስቀምጠው አጠገቡ ቆመዋል። ከጆንያው አፍ ቡላ ጆሮ ይታያል።

"አባባ…" አልኩ።

"አንቺ አይደለሽ አምጡት ያልሽኝ? አንቺ አይደለሽ በእጅሽ ያሰርሽበት?" አሉኝ። ድምጻቸውን ከፍ አላደረጉም። "ሲባጎ ያሰረ ውሻ የታወቀ ውሻ ነው፣ ማንም አይነካውም ብለሽኛል። ሰው ሁሉ ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለይተው ሊገድሏቸው ነው ምልክት ያደረጉባቸው እያለ ነው።"

"በአላህ ስም፣ አልሰማሁም አባባ። ማንም አልነገረኝም።"

"ኃላፊ አይደለሽም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ታዲያ ኃላፊነቱ ምኑ ላይ ነው?"

ጆንያውን ሊያነሱ ሲሉ ላግዛቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ተዪው አሉኝና ብቻቸውን ተሸክመውት ወረዱ።

በቀጥታ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። እሱ ግን እየጠበቀኝ ነበር፣ ደስ ብሎት።

"ጥሩ ጊዜ መጣሽ። ለኅብረተሰቡ ጤና ሲባል የተወሰደ እርምጃ መሆኑን አንቺ መግለጫ ትሰጫለሽ። ከሐኪም አፍ ሲወጣ ያምራል።"

"የከተብኳቸውን ውሾች ነው የገደላችሁት።"

"ዶክተር፣ አንቺ አይደለሽም ውሻ ውሻ ስትዪ የከረምሽው? በየስብሰባው ያሰለቸሽን አንቺ ነሽ። ይኸው ውሻውን አነሳንልሽ! ደግሞ ታኮርፊያለሽ?"

የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አያሾፍም። ከልቡ ውለታ የዋለልኝ መስሎታል። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን እጣላዋለሁ፤ የማይሰማ ሰው ቢሆን እጮኽበታለሁ። እሱ ሰምቶኛል። ሰምቶኝ ይህን ነው ያደረገው።

ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። የተከተበ ውሻ ለሰፈሩ አጥር እንደሆነ፣ እሱ ሲሞት ቦታውን ያልተከተበ ከገጠር መጥቶ እንደሚይዘው፣ ከዚህ በኋላ ማንም ውሻውን ይዞልን እንደማይመጣ። ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። ስጨርስ "ገብቶኛል፤ መግለጫው ግን ከሰዓት በኋላ ነው" አለ።

አልሰጥም አልኩ። ሌላ ሰው ሰጠው። ያ ሰው ያነበበው ወረቀት "ከጤናው ዘርፍ ጋር በመቀናጀት" የሚል ሐረግ ነበረበት። እናቴ በቴሌቪዥን ሰምታ ደወለችልኝ። "አንቺ ነሽ እንዴ የጤናው ዘርፍ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ነይ ምሳ ብዪ" አለችኝ።

ግምገማ ተጠራ። በቡድን የመሥራት ችግር አለባት ተባልኩ። ከሙያዋ አልወጣችም ተባልኩ፤ ይህን ሲሉኝ እንደ ስድብ ነበር። አንዱ፣ ሻይ ሲጠጣ ልክ ነሽ ብሎኝ የነበረ ሰው፣ ስብሰባው ላይ ዶክተሯ ለውሻ ያላት ርኅራኄ ለሰው ቢሆን ምን ነበረበት አለ። ውሻ እፈራለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። ይህን ለመናገር እጄን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ብናገረውም ምን ሊረባኝ። በመጨረሻ ወደ ሙያሽ ብትመለሺ ይሻላል ተባልኩ፣ ተመለስኩ።

ሆስፒታል ከተመለስኩ በኋላ ዝም ብዬ በሽተኛዬን ባይ ሰው አይወቅሰኝም ነበር። ግን የተነከሰ ሰው በመጣ ቁጥር የሚቀድመኝ ነገር ከየት ሰፈር መጣህ የሚለው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያንን ጠዋት ሬሳ ካየሁበት ሰፈር ነው። ስለዚህ ከእንስሳት ሐኪሙና ከጥቂት ወዳጆች ጋር ያለ ማኅተም፣ ያለ ቢሮ መሥራት ጀመርን። ሰኞ ገበያ በሚባለው ቦታ በገበያ ቀን ድምጽ ማጉያ ይዤ ቆምኩ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ እንዲያጥብ፣ ቁስሉ ዳነ ብሎ እንዳይዘናጋ ስናገር ሰው ቆሞ ይሰማኛል፣ ይጠይቀኛል። ውሾቻችሁን እንከትብላችሁ ስል ግን ሰዉ ይበተናል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከተቀመጠችበት "ሲባጎሽን ይዘሽ ሂጂልን!" አለችኝ። ዙሪያዋ ያሉት ሳቁ። አልፈረድኩባትም፤ ድምጽ ማጉያውን ዝቅ አደረግሁ።

የሰዉ ክትባት ነገር ግን ትንሽ ተሻሽሏል፤ ይህን አለመናገር ግፍ ነው። አሁን አንዱ ጤና ጣቢያ ሲያልቅበት ለሌላው ይደውላል፣ ካልሆነ ለእኔ ይደውላል፣ በሽተኛውን ከቦታ ቦታ ማንከራተቱ ቀንሷል። ይህ የሆነው ግን በመመሪያ ሳይሆን በሰዎች ትውውቅ ነው፤ አንዱ ነርስ ሲቀየር እንደገና ከአሊፍ እንጀምራለን።

ባለፈው በአንድ ሆቴል ስለዚሁ በሽታ አውደ ጥናት ተዘጋጅቶ ተጠራሁ። ቲሸርትና ኮፍያ ሰጡን። የድሮ አለቃዬ ሌላ የሥልጣን ወንበር ይዞ ከፈተው፤ ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው እንዲሠሩ አሳሰበ። ጥያቄ ሲባል ተነሳሁ።

"አጭር ጥያቄ ነው። መርዙ ቆሟል ወይስ አልቆመም?"

የመድረኩ ሰዎች ተያዩ። "አስተያየትሽን ወስደናል፤ እናመሰግናለን" አለ አንዱ። "አሁን የሻይ ዕረፍት ነው።"

አስተያየት አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

በማግስቱ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት አካባቢ ያለ አንድ ሰፈር ሰው ስለተነከሰበት እንድንመጣ ጠይቆን ነበር። ሙቀቱ ከደሴ ብርድ ለመጣ ሰው ይከብዳል፤ የክትባቱን ሳጥን ዛፍ ጥላ ስር አስቀመጥነው። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቧል፣ ውሾቹ ግን አልመጡም። በሰፈሩ የሚከበሩ አንድ ሼህ ነበሩ፤ እሳቸው ቀድመው ጠየቁኝ።

"በተከተቡት ውሾች ላይ የሆነውን ሰምተናል። እኛ ውሾቻችንን እናውጣ። ነገ መርዝ እንደማይጥሉባቸው ወላሂ ብለሽ ትምዪልናለሽ?"

ሁሉም እኔን አዩ። የእንስሳት ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ የሲሪንጅ ማሸጊያ ይቀድዳል። አዎ ብል ኖሮ ሁሉም ገብተው ያመጡልን ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ።

"አልችልም ሼሁ" አልኳቸው። "ጠይቄያለሁ፣ የመለሰልኝ የለም። የምምልልዎ ክትባቱ በሽታውን እንደሚከላከል ብቻ ነው። ከመርዝ አያድናቸውም።"

ማጉረምረም ተነሳ። ከኋላ አንድ ሰው "ታዲያ ለምን መጣችሁ?" አለ። አንዳንዶቹ እዚያው ዞረው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ የቆርቆሮ በሮች ሲዘጉ ሰማሁ። ሼሁ ግን አልሄዱም። ጢማቸውን እየዳሰሱ ቆዩና "እውነቱን ተናገርሽ" አሉ። "እኔ የኔን አስወጋና ግቢ ውስጥ አስሬ አኖረዋለሁ። የሌላውን አላውቅም።"

ውሻቸውን አመጡ። ከሳቸው በኋላ አንዲት ወጣት እናት አመጣች፣ ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች፣ ከዚያ ሌላ ጥቂት ሰው። ምልክት እንዳናስር ለመኑን፤ አላሰርንም። ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ክትባት ከወጋነው ይበልጥ ነበር። በረዶው እየቀለጠ ስለሆነ መኪና ፍለጋ ተነሳን። የእንስሳት ሐኪሙ ሳጥኑን ተሸክሞ እየሄደ "በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እንሞክራለን?" አለኝ።

"እንሞክራለን" አልኩት። በጣም ተናድጄ ስለነበር የመለስኩለት በቁጣ ነው፤ እሱ ግን ለምዶኛል፣ የሚያልፍ ሚኒባስ በእጁ አስቆመ።